ቤቱ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ ስም በስንት ዓመት ይመለሳል?

ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቆም ብሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። አዲስ ዘመን ላይ በሰንጠረዥ የሚወጣውን የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ ማለቴ ነው። የተበዳሪው ስም። የንብረት አስያዡ ስም። ቤቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ። የካርታ ቁጥር። ስፋት በካሬ ሜትር። የመነሻ ዋጋ። ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ደግሞ ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ አሠርተው እንዲቀርቡ የሚያሳስብ መስመር። በዚያ ሰንጠረዥ አንዳንዴ ሚዛን ተፈሪ፣ አንዳንዴ ቴፒ፣ አንዳንዴ ቦንጋ የሚል ታገኛላችሁ።

ስሞቹን ልብ ብላችሁ ካያችሁ የተበዳሪውና የአስያዡ ስም ብዙ ጊዜ ይለያያል። ወንድም ለወንድሙ፣ እናት ለልጇ፣ አማች ለአማቹ ካርታ አስይዟል ማለት ነው። ሐራጅ ሲወጣ ሁለት ቤተሰብ አብሮ ይወጣል።

ቤት እንዴት እንደሚሸጥ ብዙ ተብሏል፤ ጠበቆችም ዘወትር ይከራከሩበታል። እኔ ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለ ማግስቱ ነው። ቤቱ የተሸጠበት ሰው እንደገና መበደር ይችላል? መቼ? ማን ዘንድ ሄዶ? ከሸዋ ቤንች እስከ ሚዛን፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ይህ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ቡና አቅራቢ ያለ ብድር አቅራቢ ሊሆን አይችልም። ቀይ እሸቱን የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ቡናው ታጥቦ ወይም ደርቆና ተቀሽሮ፣ ተጭኖና ተሸጦ ነው። በመካከሉ ያሉትን ወራት የሚሸፍነው የሰው ገንዘብ ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ድሮ ባለዕዳ ስሙን የሚያጣበት መንገድ ለዓይን ይታይ ነበር። ያልከፈለና ዋስ ያጣ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። ዛሬ «የቁም ቁራኛ» ስንል ምሳሌ የምንናገር ይመስለናል፤ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ግን ባለዕዳና ባለገንዘብ ተቆራኝተው ገበያ ለገበያ ሲሄዱ አይተው ጽፈዋል። ጭካኔውን መካድ አይቻልም። ሆኖም ዋስ የተገኘ ዕለት ወይም ዕዳው የተከፈለ ዕለት ሰንሰለቱ ይፈታል፤ መታሰሩን ያየ ገበያ መፈታቱንም ያያል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በደቡብ ምዕራብ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ከፋን ድል ካደረጉ በኋላ የቤንች ምድርን ጨምሮ አካባቢው ቀስ በቀስ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። የባሪያ ፍንገላውና የገባሩ ጫና የማጂንና የቤንችን አገር እንዴት ሰው አልባ እንዳደረገው የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈዋል። የቤንች ገበሬ በዚያ ዘመን ባለዕዳ የሚሆነው ሳይበደር ነው፤ ዕዳው ከሹሙና ከወታደሩ ተቆጥሮ ይመጣለታል። ስለ ብድርና ስለ መታመን ስናወራ ይህን መዝለል ነውር ይመስለኛል። በዚያ አገር «ዕዳ» የሚለው ቃል ከባንክ በፊት ሌላ ትርጉም ነበረው።

ባንክ ዘግይቶ ነው የመጣው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ቆይቶም ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ጎሬን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የምዕራቡ ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወጣ ስለነበር ነው። የባንኩ ደንበኛ ግን ነጋዴው ነበር። ገበሬው የሚያውቀው ብድር ሌላ ነው፤ ወለድ አገድ።

ወለድ አገድ እንዲህ ነው። ገበሬው ለሠርግ፣ ለግብር ወይም ለክረምት ገንዘብ ሲቸግረው የቡና መሬቱን ለአበዳሪ ያስረክባል። አበዳሪው በየዓመቱ ቡናውን ይለቅማል፤ የለቀመው በወለድ ፈንታ ይያዝለታል። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ገበሬው ዋናውን በመለሰ ዕለት መሬቱ ይመለስለታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 3117 ጀምሮ በዚሁ ስም ደንግጎታል፤ ቃሉን ከሕዝቡ ወስዶ ነው።

በወለድ አገድ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ዋናው የማይቀንስ ዕዳ ለልጅ ይወረሳል፤ ቡና ዋጋ ባወጣ ቁጥር አበዳሪው መሬቱን መልቀቅ አይፈልግም፤ ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይቀራል። በናፍቆት እንድናስታውሰው አልጽፈውም። የምጽፈው በውስጡ አንድ በር ስለነበረ ነው። መሬቱ አይሸጥም፤ ተይዞ ይቆያል። ባለመሬቱም «መሬቱ የተያዘበት ሰው» ይባላል እንጂ «መሬቱን ያጣ ሰው» አይባልም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ዘጋው። ጭሰኛው ለባለመሬቱ ከነበረበት ኪራይ፣ ዕዳና ግዴታ ነፃ ወጣ። መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ በወለድ አገድ መስጠትም ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለብዙ የደቡብ ምዕራብ ገበሬ ይህ በታሪኩ ያየው የመጀመሪያው የዕዳ ስረዛ ነው። አንድም የባንክ ሰው ፋይል አልገለጠም፤ አንድም ሰው «ደንበኛው ወደፊት ይታመናል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም።

ግን ሌላም ነገር ሆነ። መሬት በዋስትና የማይያዝ ሲሆን ለማበደር የሚበቃ ዋስትና ሆኖ የቀረው በከተማ ያለው ቤት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ በቡና መሬት የከበረ አገር ቡናውን ለመግዛት የሚያስይዘው ሚዛን ላይ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ሆነ። በነገራችን ላይ፣ ለባንክ የደን ቡና የያዘ ጋሻ መሬት ዋጋ ሳይኖረው አራት ክፍል ቤትና ሰርቪስ ዋጋ ያለው መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ 1990 ዓ.ም. እንምጣ። በ1986 የግል ባንክ ተፈቅዷል፤ አዋሽ ባንክም ተከፍቷል። ባንኮች አንድ ሮሮ ነበራቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3060 አበዳሪው ያለ ሕግ ሥርዓት መያዣውን ራሱ እንዳይወስድና እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር፤ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። መንግሥት መልስ ሰጠ፤ አዋጅ ቁጥር 97/1990። ባንክ በውሉ መሠረት ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘውን ንብረት ራሱ በሐራጅ ሸጦ ስሙን ለገዢው ማዛወር ይችላል። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 216 ይህን አሻሻለው፤ በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ካልቀረበ ባንኩ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ንብረቱን ራሱ መረከብ ይችላል።

ሕጉን በጭፍን መንቀፍ አልፈልግም። አስቀማጭም ሰው ነው፤ ባንክ ያበደረውን ካላስመለሰ የሚጠፋው የአንዲት ሻይ ሻጭ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። በአዋጁም ውስጥ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ድንጋጌዎች ተላልፎ የሸጠ ባንክ ለባለዕዳው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ተጽፏል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ቤቱ የሚሄድበት መንገድ በሕግ ተጠርጎ፣ በቀን ተቆጥሮ ተቀምጧል። ሰውየው የሚመለስበትን መንገድ ግን ያን ያህል የጠረገለት የለም።

አዋጁ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የቡና ዋጋ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት አማካይ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። ቬትናም ብዙ አምርታ ነበር፤ ብራዚልም። ሚዛን ያለው አቅራቢ ስለ ቬትናም ምን ያውቃል? ኅዳር ላይ በውድ የገዛውን ጀንፈል መጋቢት ላይ በርካሽ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ከቤቱ ላይ ይቆረጣል።

እዚህ ላይ የባንክንና የቡናን የቀን አቆጣጠር ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ይቆጠራል፤ 180 ቀን ሲያልፈው አጠራጣሪ፣ 360 ቀን ሲያልፈው ኪሳራ ይባላል። ቡና ግን በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። መጋቢት ላይ መክፈል ያቃተው ሰው እንደገና እሸት የሚያየው ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ 180 ቀኑ አልፏል። ቡናውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ሸጦ ገንዘብ እጁ እስኪገባ ደግሞ 360 ቀኑ ደፍ ላይ ይደርሳል። አንድ ወቅት የሳተ ነጋዴ ሁለተኛውን ሳይሸጥ በመዝገብ ላይ «ኪሳራ» ይሆናል ማለት ነው። ይህ መመሪያ ለአዲስ አበባ ሱቅ ይሠራ ይሆናል፤ ለቴፒ ቡና አልተሰፋም።

ያም ሆኖ በ1990ዎቹ ቤቱ የተሸጠበት ሰው አንድ መውጫ ነበረው። ባንኮቹ አይነጋገሩም። አንዱ ባንክ ያባረረውን ሌላው ባንክ አያውቀውም። ቦንጋ ወይም ጅማ ሄዶ በሌላ ባንክ፣ በሌላ ዘመድ ካርታ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚህ ቀዳዳ የተጠቀሙ አታላዮች እንደነበሩ አይካድም፤ አንዱን ባንክ በልተው ወደ ሌላው የሚሻገሩ። ብሔራዊ ባንክ ቀዳዳውን ለመድፈን የባንኮችን የብድር መረጃ የሚያሰባስብ ማዕከል አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያም አጠናከረው። ዛሬ ማንም ባንክ ከማበደሩ በፊት የተበዳሪውን ታሪክ ከዚያ መዝገብ ያያል።

ቁራኛን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የዛሬው ሰንሰለት አይታይም። መታሰሩን የሚያዩት ባንኮች ብቻ ናቸው፤ መፈታቱን ደግሞ ሰውየው ራሱ እንኳ በቀላሉ አያየውም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ በነበረው ቀውስ ሚሊዮኖች ቤታቸውን አጥተዋል፤ ግን ከ1970 ጀምሮ ባለው ሕጋቸው መሠረት የቤት ሐራጅ ከብድር መዝገብ ላይ ከ7 ዓመት በኋላ እንደሚነሳ ታክሲ የሚነዳውም ያውቃል። ቀን ይቆጥራል። የእኛን ነጋዴ «ስምህ በስንት ዓመት ይጠራል?» ብትሉት «እግዜር ያውቃል» ነው የሚላችሁ። ዓመቱ ረዘመ አጠረ ብዬ አልከራከርም፤ ሰው እንደ ልደቱ የሚያውቀው ቁጥር ሊኖር ይገባል ነው የምለው።

እስከዚያው ሰውየው ምን ያድርግ? ብዙ አንባቢ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ይህንን ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍ።

መጀመሪያ፣ ቤቱ ተሸጠ ማለት ዕዳው አለቀ ማለት አይደለም። ይህን ስንቱ ሰው እንደማያውቅ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ዕዳው ከነወለዱ 1,200,000 ብር ነው እንበል፤ ቤቱ በ900,000 ተሸጠ። ቀሪው 300,000 ብር በስሙ አለ፤ ባንኩ በፍርድ ቤት ሌላ ንብረቱን መከታተል ይችላል። በተቃራኒው ቤቱ 1,500,000 ካወጣ ዕዳውና ወጪው ተቀንሶ ትርፉ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ የማግስቱ የመጀመሪያ ሥራ ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ ሂሳቡን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። አፍሮ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ቀሪው ዕዳ ወለድ ወልዶ ይጠብቀዋል። ቀሪ ካለ በድርድር በየወሩ የሚከፈል ማድረግ ይቻላል፤ ባንኮች ከመክሰስ ይህን የሚመርጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ያለቀ ዕለት ደግሞ ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ማህተም ተደርጎበት እጅ ላይ መግባት አለበት። ካርታ ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የመዝገቡ ነገር ነው። የተከፈለ ዕዳ በመዝገብ ላይ እንዳልተከፈለ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ የሚያስገባው የባንክ ሠራተኛ ነውና ይረሳል፣ ይሳሳታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና ስህተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። አዋጁ አዲስ ነው፤ ሚዛን ላይ አንድ ነጋዴ ይህን ጠቅሶ ደብዳቤ ቢጽፍ ምናልባት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ መጀመሪያ ይስቅ ይሆናል። ይጻፍ ግን። መብት በመጠየቅ ነው የሚለመደው።

ሦስተኛው ከባንኩ ውጭ ያለው ዓለም ነው። ታሪካችን የሚጠቅመንም እዚህ ጋ ነው። ዕቁብ ላይ ዕጣ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ዋስ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም የሌሎችን ገንዘብ ይዞ ሊጠፋ ይችላል። መጨረሻ የሚወስደው ግን ማንንም አያሰጋም፤ እስከዚያ ድረስ አበዳሪው እሱ ነው። ቤቱ የተሸጠበት ሰው ዕቁብ ገብቶ «የመጨረሻውን ዕጣ ስጡኝ» ቢል ማን እምቢ ይለዋል? አንድ ዙር ሳያጓድል ጨርሶ ሲወስድ ገበያው ሁሉ አይቶታል። ሰንሰለቱ ሲፈታ በአደባባይ ታየ ማለት ነው። ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራትም ቀድሞ የቆጠበውን መሠረት አድርገው ነው የሚያበድሩት። ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ፣ ባንክ ከመሆኑ በፊት፣ በአካባቢው ያደገው በቡድን ዋስትና እያበደረ ነው፤ ካርታ የሌለው ሰው በጎረቤቱ ቃል ይበደራል።

አዳዲስ በሮችም አሉ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ ከብትንና ሰብልን፣ መጋዘን ያለ ምርትን ጨምሮ፣ በዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል፤ የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ለገበሬው የመጠቀም መብቱን በዋስትና እንዲያስይዝ መንገድ ከፍቷል። ወለድ አገድ በሌላ ስም እንዳይመለስ ግን ዓይናችንን እንክፈት። በስልክ የሚሰጠው እንደ ቴሌብር መላ ያለው ብድር ትንሽ ነው፤ የአቅራቢን ቡና አይገዛም። ቢሆንም የሚያስቀምጠው ታሪክ አለ፤ በቀኑ የተከፈለ 2,000 ብርም ታሪክ ነው።

አንድ ብዙ የማይወራ ነገር ልጨምር። የጋራ ቤት በዋስትና ሲያዝ የሚስትም ፊርማ ይጠየቃል። ቤቱ ሲሸጥ እሷም አብራ ታጣለች። ብድሩ በባሏ ስም ብቻ ከነበረ ግን ተበዳሪ ሆና የተመዘገበችው እሷ አይደለችም። ብዙ ቤተሰብ ከሐራጅ በኋላ በሚስት ስም በተከፈተ ትንሽ ሱቅ፣ በሚስት ዕቁብ፣ በሚስት የቁጠባ ደብተር እንደተነሳ በሚዛንም በቴፒም የሚኖር ሰው ሁሉ ጎረቤቱን አስቦ ሊነግራችሁ ይችላል። ባንኮች ይህን እንደ ማጭበርበር ሲያዩት ሰምቻለሁ። አልስማማም። ገንዘቡን ሳትቀበል ቤቷን ያጣች ሴት በራሷ ስም ብትጀምር ማንን አጭበረበረች?

ከብሔራዊ ባንክ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የለውም። ቤት የሸጠ ባንክ በተወሰነ ቀን ውስጥ ለባለዕዳውና ለአስያዡ የሽያጩን ሂሳብ በጽሑፍ ያድርስ፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ማድረስ ከቻለ ይህንንም ይችላል። የተከፈለ ዕዳ በስንት ዓመት ከመዝገብ እንደሚነሳ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ፣ ሚዛን ላይ በቤንችኛም ጭምር ይለጠፍ። የቡና ብድር ደግሞ በ90 ቀን መለኪያ ሳይሆን ከአንድ ለቀማ እስከ ሌላው ለቀማ ይቆጠር። ቡናው ጥቅምት ላይ ይቀላል፤ ሰሞኑን ቤታቸው በሐራጅ የተሸጠባቸው ሰዎች ያኔ ሚዛን ገበያ ላይ ቆመው ሌላው ሲገዛ ያያሉ።